ሲጨፈርና ሲለቀስ የሚመጣ ካሜራ

 

«ስለ ዘመኑ ጋዜጠኝነት ተናገር» ተብዬ ነው እዚህ ወላይታ ሶዶ ፊታችሁ የቆምኩት። ጋዜጠኛ አይደለሁም። ተመልካች ነኝ፣ አድማጭ ነኝ፣ አንዳንዴም ከቴሌቪዥን ጋር የምጨቃጨቅ ሰው ነኝ። ቤተሰቦቼ «አይሰማህም እኮ!» ይሉኛል። እሱን አላጣሁትም። ዛሬ የሚሰማ ሰው ስላገኘሁ የሆዴን ልናገር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። ቴሌቪዥን ወላይታ የሚመጣው ወይ ስንጨፍር ወይ ስናለቅስ ነው። መስከረም ላይ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲደርስ ይመጣል፤ ክረምት ላይ ተራራ ሲናድ ይመጣል። በመካከሉ ያለው ረጅም ጊዜ፣ ሰው የሚነግድበት፣ የሚማርበት፣ የሚካሰስበት፣ ደመወዝ የሚጠብቅበት ጊዜ፣ ለካሜራ ባዶ ነው። ሲመጣም እኛን እያሳየ የሚያወራው ከሌላ ሰው ጋር ነው። አዲስ አበባ ሶፋ ላይ ለተቀመጠው «እዩዋቸው» ይላል እንጂ፣ ሶዶ ላለው ሰው «ይህን እወቅ» አይልም። ቅሬታዬ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ደስ ከሚለው እንጀምር። ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ ይከበራል። ካሜራው የሚፈልገው የታወቀ ነው፦ ዱንጉዛ የለበሰ ወጣት፣ ጭፈራ፣ ቁርጥ፣ ዳጣ፣ ቅቤ የጠገበ ሙቿ። ጋዜጠኛው ማይኩን ይዘረጋና «በዓሉ እንዴት ነው?» ይላል። «በጣም ደማቅ ነው፣ ደስ ይላል» ይባላል። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ጊፋታ ግን በአንድ እሑድ ተጀምሮ በአንድ እሑድ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አባወራዎች ለሰንጋ የሚሆን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ ያስቀምጣሉ። እማወራዎች ቅቤ ያጠራቅማሉ። ወጣቶች እንጨት ይሰበስባሉ። በዓሉ ከመግባቱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፣ የተበደረ ይከፍላል፤ ቂምና ዕዳ ይዞ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነውና። ይህ ሁሉ እኮ ዜና ነው! ሰንጋ ዘንድሮ ስንት ገባ? ዱሮ ጥቂት ሆነው የሚያርዱትን አሁን ስንት ቤተሰብ ሆኖ ነው የሚካፈለው? ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያስታረቀው የድንበር ጠብ በወረዳው ፍርድ ቤት ስንት መዝገብ አስቀረ? በዓሉ ሲያልፍ ብድር የገባው ቤት እንዴት ይወጣዋል? አንድ ጋዜጠኛ ነሐሴ ላይ መጥቶ አንዲት የቅርጫ ቡድን ብቻ ይዞ እስከ ጥቅምት ቢከተል፣ የወላይታን ገበሬ ኑሮ ከየትኛውም የኢኮኖሚ ትንታኔ አብልጦ ያስረዳን ነበር። ጭፈራው ይቅር አላልኩም። እኔም እጨፍራለሁ፤ ወገቤ እስከፈቀደ ድረስ።

አሁን ወደ ከበደው እንለፍ። በዚህ አገር የረሃብ ምስል ድሮ ተስሎ አልቋል። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለአገሩ ተመልካች አሳየ። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ ቆራርጦ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ልብ በሉ፤ ሰው ሲያልቅ ዝም ያለ ቴሌቪዥን ነው፣ ምስሉ ለሥልጣን ሲፈለግ አፉን የከፈተው። ቀጥሎ በ1977 ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ማይክል ቢዩርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዓለምን አስለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ረሃብ ማለት በሁሉም ሰው ልብ ውስጥ የተሰነጣጠቀ መሬት፣ የከብት አጽምና አቧራ ሆነ።

ወላይታ ሲራብ ግን ምድሩ አረንጓዴ ነው። እዚህ የተቀመጡት ትልልቆቹ ያውቁታል። ከበጋ ወደ በልግ የሚያሻግረው ስኳር ድንች ይከሽፋል፤ የበልጉ ዝናብ ይቀራል ወይም ይዘገያል፤ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ሜዳውን ያለመልመዋል። በቆሎው ጉልበት ድረስ ወጥቷል፣ እሸት ሊሆን ግን ገና ወራት ይቀሩታል። እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ቆሟል፣ ያልደረሰውን እየነቀሉ በልተውት የቀረው ችግኝ ነው። ዳሞታ ተራራ ለምልሟል። በዚያ ልምላሜ ውስጥ የሕፃን እግር ያብጣል። ግማሽ ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ የሚኖር ቤተሰብ በበዛበት አገር፣ አንዲት ወቅት ብቻ ስትዛባ ሁሉም ነገር ይዛባል። በ2000 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች «አረንጓዴ ረሃብ» አሉት፤ እንዲያ ያሉትም ስላስገረማቸው ነው። ካሜራ የለመደው ደረቅ መሬት ነዋ! ከእናትየዋ ጀርባ ሙዝና እንሰት ሲታይ፣ ስቱዲዮ ያለው አዘጋጅ «ታዲያ ረሃቡ የት አለ?» ቢል አልፈርድበትም።

ረሃቡ የት እንዳለ የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። በእጇ ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ አለ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የሕፃኑን ግራ ክንድ ታጥፍና መካከሉን ትፈልጋለች፣ ከዚያ ክንዱን ዘርግታ ጥብጣቡን ሳታጠብቅ ሳታላላ ትጠቀልለዋለች። ንባቡ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ ቀይ ነው፤ ልጁ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። ሥራዋ የደቂቃ ነው። መዝገቧ ላይ ግን የመንደሩ ሁሉ ልጅ ቁጥር አለ፤ ባለፈው ወር ስንት ቀይ፣ በዚህ ወር ስንት ቀይ። ጋዜጠኛ የሚባል ሰው ይህን መዝገብ በየወሩ ጠይቆ በወላይትኛ ቢያነብልን፣ ረሃብ ገብቶ እግር ከማበጡ በፊት፣ ገና በር ላይ ሳለ እንሰማው ነበር። ምስል አያስፈልገውም። ሙዚቃም አያስፈልገውም።

ናዳውም እንደዚሁ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያጣውም በባዶ እጁ፣ ሊያወጣ ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ የሮጡትን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ዓለም ሁሉ አየን። በዚያው ክረምት በዞናችን በካዎ ኮይሻ ወረዳም ናዳ ሰው ገደለ፤ ያ ግን ቁጥሩ ያነሰ ስለነበር ወሬውም አነሰ።

እኔ የጠበቅሁት ከለቅሶው ቀጥሎ የሚመጣውን ፕሮግራም ነበር። ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ውስጥ ገደል ሥር ላለ አባወራ አንድ ሰው እንዲህ እንዲለው፦ «ከቤትህ በላይ ያለው መሬት ሲሰነጠቅ ካየህ፣ ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረው ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ዛፍ ካዘመመ፣ በርህ አልዘጋ ካለህ፣ ልጆችህን ይዘህ ውጣ። ናዳ ከወረደም ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሥሩ አይሩጥ፤ አንድ ሰው ላይኛውን ተዳፋት ይጠብቅ።» ይህ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። በየክረምቱ መጀመሪያ፣ በወላይትኛ፣ በጎፍኛ፣ በዳውሮኛ መነገር ነበረበት። የተነገረን ግን የሞቱት ቁጥር ነው፤ እሱም በየቀኑ እየታረመ። ቁጥሩ ለሩቅ ሰው ዜና ነው። ለቅርብ ሰው ዜናው «ነገ የእኔ ቤት ነው ወይ?» የሚለው ነበር።

አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን የምትከፍቱ ታውቁታላችሁ፤ የእንባ ፕሮግራም የሚባል አዲስ ሥራ ተፈጥሯል። አንድ ልጅ አለ፤ ከዓመታት በፊት ከእኛ አገር ወጥቶ አዲስ አበባ ሊስትሮ የሆነ፣ ወይም ሎተሪ የሚያዞር። ታሪኩን ይናገራል። አዘጋጁ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፣ እናትየው ትወጣለች፣ ፒያኖው ይጀምራል፣ ሁለቱም መሬት ላይ ይወድቃሉ፤ ከታች በኩል የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያልፋል። አለቅሳለሁ፤ አልዋሻችሁም። ድንጋይ ያለቅሳል እኮ።

እንባዬን ከጠረግሁ በኋላ ግን ጥያቄ ይመጣብኛል። ያን ልጅ አውቶቡስ ላይ ያሳፈረው ደላላ ማን ነበር? ስንት ተከፈለው? በሌ ወይም ቦምቤ ከተማ ላይ በየሳምንቱ የሚሳፈሩትን ልጆች መናኸሪያው ላይ ማን ያያቸዋል? ልጁ ሲጠፋ ትምህርት ቤቱ ስሙን ከመዝገብ ከመሰረዝ ሌላ ምን አደረገ? ይህን የጠየቀ ፕሮግራም ቢኖር ሌላ ልጅ ባልሄደ ነበር፤ ያኔ ግን ለሚቀጥለው እሑድ የሚያለቅስ ይጠፋል።

የእንባው መንገድ የት እንደሚያደርስም አይተናል። መጋቢት 14 ቀን 2017 ኢ.ቢ.ኤስ. «አዲስ ምዕራፍ» በተባለው ፕሮግራሙ የአንዲት ወጣት ከባድ ታሪክ አስተላለፈ። የታሪኩ እውነትነት አጠያያቂ ሲሆን ወዲያው ፕሮግራሙን ከገጹ አነሳ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ የጣቢያው ሠራተኞች ታሰሩ። እኔ ሁለቱንም ወገን አልወደድኩም። የሰው ታሪክ አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት ቦታው ላይ ሄዶ ማጣራት የሙያው ፊደል ነው። በሌላ በኩል የጋዜጠኝነት ጉድለት የሚታረመው በተሻለ ጋዜጠኝነት ነው፤ ፖሊስ ከገባበት በኋላ ሄዶ የሚያጣራ ሌላ ጋዜጠኛ አይገኝም፣ ተመልካቹም እውነቱን ሳያውቅ ይቀራል። እስከ ዛሬ ሰው በየቡና ቤቱ የሚከራከረው እየገመተ ነው።

ስለ ኳስ ካላወራሁ ከዚህ አዳራሽ በሰላም እንደማልወጣ አውቃለሁ፤ ወጣቶቹ እያዩኝ ነው። የጦና ንቦች የምንላቸው የወላይታ ድቻዎች ነገር ደግሞ ከርዕሳችን አይወጣም።

በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አስወጣ። ቀጥሎ የግብፁ ዛማሌክ ደረሰው። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አለፍን። በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተ የክፍለ ሀገር ክለብ አፍሪካን ያንቀጠቀጠ ክለብ ከሜዳው አባረረ! ያን ምሽት ሶዶ የተኛ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ የሥርጭት መብት ለሱፐር ስፖርት ተሸጠ፤ ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተባለ። ሊጉ በዲ.ኤስ.ቲቪ በቀጥታ ሊታይ ነው ሲባል ሁላችንም ደስ አለን፤ ለክለቦችም ገንዘብ ገባ። ግን ካሜራ የሚተከልበት ሜዳ ያስፈልጋል፤ ኮሮናም ነበረ። ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ በጥቂት ከተሞች ተሰበሰበ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፤ በኋላም አዳማ። ሶዶ የለችበትም። ኮሮናው አለፈ፣ አሠራሩ ግን ቀጠለ። ድቻ «በሜዳው» የሚጫወተው ከሜዳው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ባዶ ወንበር ፊት ሆነ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የጨዋታ ቀን ሶዶ ላይ የከተማ ሥራ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ባጃጆች ባንዲራ ያስራሉ። ቆሎና ለውዝ የምታዞር ልጅ የሳምንቷን ታገኛለች። ከቦዲቲ፣ ከሁምቦ በአይሱዙ ተጭነው የሚመጡ አሉ። ምግብ ቤቱ፣ አልቤርጎው፣ ማሊያ ሻጩ ሁሉም ቀኑን ያውቀዋል። ሥርጭቱ ከመጣ ወዲህ ያው ደጋፊ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ገብቶ፣ የመግቢያ ከፍሎ፣ በአርሴናልና በማንቸስተር ጨዋታ መካከል የራሱን ክለብ ያይ ጀመር፤ ሰዓቱ ከእንግሊዝ ኳስ ጋር ከተጋጨ ደግሞ ባለቤቱ «ብዙ ሰው የሚፈልገውን ነው የምከፍተው» ይለው ነበር። ቴሌቪዥን ኳሱን አሳየን፤ ኳሱን ግን ወሰደብን። ኮሜንታተሩ ስለ አሰላለፉና ስለ ማዕዘን ምቱ ይናገራል። ሜዳዋን ስላጣችው ከተማ ሲናገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ከሊጉ ገቢ ለሶዶ ሜዳ ምን ደረሰ? ሜዳው የሚጎድለው ሣር ነው፣ መብራት ነው፣ ወይስ ወንበር? ለዚህ መልስ የሰጠ የስፖርት ዜና ካለ ያገኘ ሰው ይንገረኝ።

አሁን ወደ ሬዲዮ። የእኛ ሰው ምሽቱን የሚለካው በጣቢያ ነበር፤ ምሽት 1 ሰዓት ዶይቼ ቬለ፣ 2 ሰዓት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ዜና፣ 3 ሰዓት የአሜሪካ ድምፅ። የሚገርመው የጀርመኑ የአማርኛ ክፍልና የራሳችን ቴሌቪዥን የአንድ ዓመት ልጆች መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም በ1957 ዓ.ም. ነው የጀመሩት። አንደኛው ጀርመን ሆኖ፣ ሌላው አዲስ አበባ ሆኖ አብረው አረጁ።

ባለፉት ዓመታት በዞናችን የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ሲዘገይ፣ ሲቆራረጥ፣ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱ ትምህርት ቤቶች ሲኖሩ፣ ጉዳዩን የሰማነው ከየት ነበር? ጎረቤቴ መምህር ነው፤ ደመወዝ አለመውጣቱን እኔ ከእሱ አውቃለሁ። ግን ምክንያቱን፣ በሌሎቹ ወረዳዎችም እንደዚሁ መሆኑን፣ ኃላፊዎቹ ምን እንዳሉ የምንሰማው ከውጭ ጣቢያ ነበር። የሶዶ ወሬ ቦን ወይም ዋሽንግተን ደርሶ ነበር ተመልሶ ሶዶ የሚገባው። የ2 ሰዓቱን ዜና ግን ታውቁታላችሁ፦ ረጅም አዳራሽ፣ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ የታሸገ ውኃ፣ ከኋላ ባነር። ካሜራው ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ካሜራው ሲደርስበት አንዱ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ መጻፍ ይጀምራል። ጣቢያው «የምክክር መድረክ ተካሄደ» ይላል። ምን ተመከረ? ማን ተቃወመ? ደመወዙ መቼ ይወጣል? ይህን የሚናገረው የለም። ውኃው ግን በደንብ ይታያል።

መጋቢት 2017 ላይ ዋሽንግተን በተላለፈ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ፤ ከ1975 ጀምሮ ይሰማ የነበረው የአማርኛው ሥርጭትም ተቋረጠ። አንድ የውጭ ፕሬዚዳንት ፊርማውን አሳረፈ፣ ወላይታ ጓሮ ውስጥ ሬዲዮ ዝም አለ። እኔን ያሳዘነኝ የጣቢያው መዘጋት ብቻ አይደለም፤ የራሳችንን ወሬ በሰው ቤት አስቀምጠን መኖራችን ነው። ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ ከነወሬያችን ቀረን።

ይህች ከተማ ሳትጠየቅ የተጻፈላትን ነገር አልቀበልም ያለችበት ጊዜ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ በአንድ ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ መጣ። ተማሪውና መምህሩ አደባባይ ወጣ። ሕይወት ጠፋ፤ መምህራን ታሠሩ፣ ከቦታቸው ተነሡ። መጽሐፉ ግን ተሰበሰበ፤ በማግሥቱ ዓመት ወላይታ የራሱ ዞን ሆነ። ያን ያደረጉ ሰዎች አንዳንዶቹ እዚሁ ተቀምጠዋል። በመጽሐፉ ላይ እንዲያ የተቆጣ ሕዝብ፣ በየምሽቱ ስለ ራሱ የሚነገረውን ሌላ ሰው የጻፈለትን ታሪክ እራቱን እየበላ ዝም ብሎ ያያል። ይህ እንዴት ሆነ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣ ነበር። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው ነበር፤ በመካከል ቆሞ ያያል። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ይስቃል። ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር እጁን የሚያወጣው ለማን ነው? አንድ ትውልድ ቴሌቪዥንን የተዋወቀው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ይናገራል፣ አይሰማም፣ ሳትመልስ ያመሰግንሃል። ከዚያ ትምህርት የወጣ ሰው ዜና አንባቢውን ጥያቄ አይጠይቅም። ቤት ሲገባም ቃና ቴሌቪዥንን ይከፍታል። የቱርኩ ባለጸጋ ቤተሰብ ውርስ እንዴት እንደተከፋፈለ ከእኛ ቀበሌ የመሬት ጉዳይ አብልጠን የምናውቅበት ጊዜ አልነበረም እንዴ? አማርኛ ተናጋሪ ያደረጉት ቱርክ «ጥቁር ፍቅር» እያለ ሲያስለቅሰን፣ ሰፈሩ ሁሉ ስለ እሱ ሲወያይ ነበር። አልፈርድም። ሰው ታሪክ ይፈልጋል፤ የራሱን የሚነግረው ሲያጣ የቱርክን ይወስዳል።

ስልኩስ? ትሉኝ ይሆናል። ቲክቶክና ፌስቡክ የጎደለውን ሞልተውልናል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ የኬንቾ ሻቻን ፎቶ ዓለም ያየው ከጎፋ ዞን ኮሙኒኬሽን የፌስቡክ ገጽ ነው። ግን ስልክም የሚሸልመው ያንኑ ነው፤ የሚጨፍር፣ የሚያለቅስ፣ አሁን ደግሞ የሚሳደብ። ሦስተኛው የእኛ ጭማሪ ነው። በእሱ ላይ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ አሁንም ስልካችሁን በጠረጴዛ ሥር እያያችሁ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ከውጭ የሚመጣውን ካሜራ መውቀስ ብቻውን ሥራ አይደለም። የክልላችን አስተዳደር መቀመጫ ሶዶ ከሆነች ወዲህ፣ ማለትም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ፣ ኃላፊው ከእኛ ጋር ነው የሚያድረው፤ ሐዋሳ መሄድ ቀርቷል። በ1999 የተከፈተው ዩኒቨርሲቲያችን በየዓመቱ መጻፍና መናገር የሚችሉ ወጣቶች ያስመርቃል። ከእነሱ መካከል ጥቂት ቢነሱ የሚሠሩት ሞልቷል። ቅዳሜ ገበያ በማለዳ ወርደው የበቆሎ፣ የቦዬ፣ የዝንጅብልና የቅቤ ዋጋ ጠይቀው በወላይትኛ ያንብቡ፤ ገበሬው ደላላው የነገረውን ብቻ አምኖ እንዳይሸጥ። ጤና ጣቢያው ያለውን የክንድ መለኪያ ቁጥር በየወሩ ይንገሩ። ደመወዝ የትኛው ወረዳ ወጣ፣ የትኛው አልወጣም ብለው በስም ይጥሩ።

መብራትም አለ። ወደ ኬንያ የሚሄደው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ የሚደርሰው፣ የሚነሳው ከዚሁ ከሶዶ ነው። ጊቤ ሦስትም 1,870 ሜጋዋት ይዞ ድንበራችን ላይ ቆሟል። ሽያጩ ሲጀመር ቴሌቪዥን ስለ ዶላሩ ነገረን። ኪንዶ ኮይሻ ውስጥ ምሰሶው በደጁ ያለፈ ገበሬ ግን መብራቱ እሱ ቤት መቼ እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል፤ ሄዶ የሚጠይቅለት ያስፈልገዋል።

የዞን ምክር ቤት ሲሰበሰብም ደብተር ይዛችሁ ግቡ። በጀት ሲነበብ በፍጥነት ይነበባል፤ ልምድ ነው። «እባክዎ የካዎ ኮይሻን መስመር ይድገሙልኝ» በሉ። አንድ ጊዜ ይደነግጣሉ። ሁለተኛ ጊዜ ቀስ ብለው ያነባሉ። ያነበቡትን በዚያው ማታ ለሰው ንገሩ፤ በሬዲዮ ከተቻለ በሬዲዮ፣ ካልተቻለ በዕድር ስብሰባ ላይ።

እኔ በበኩሌ ጨርሻለሁ፤ የጥያቄ ጊዜ ነው። አስተባባሪዎቹን የምለምነው ማይኩ ከኋላ ወንበር እንዲጀምር ነው። ፊት የተቀመጡት ማታ 2 ሰዓት ላይ ይናገራሉ።